ጐደሎው ጭማሪና ሐሰተኛው ጭማሪ

(ስለ ዳታቤዝ ሶፍትዌር በራዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት የባለሙያዎች የውስጥ ክርክር ይመስላል። ነገር ግን ደመወዙ፣ የጡረታ መዋጮው፣ የቤቱ ካርታና የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት በኮምፒዩተር ተመዝግቦ ለሚገኝ ሰው ሁሉ፣ ይልቁንም ያንን መዝገብ በየቀኑ እየከፈተ ለባለጉዳይ መልስ ለሚሰጠው የመንግሥት ሠራተኛ፣ ነገሩ የቅርብ ነገር ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፤ መዝገቡን ለሚይዘው ሶፍትዌር፣ ማለት ዳታቤዝ ለሚባለው፣ የሚጠቅም ነገር ግን ገና ያልተሟላ አገልግሎት እንዲጨመርለት ሐሳብ ሲቀርብ፣ ጐደሎነቱ እየታወቀ ይጨመር ወይስ ተሟልቶ እስኪቀርብ ድረስ ይቈይ?

ዳታቤዝ በአጭሩ መዝገብ ቤት ነው። ጥሩ የመዝገብ ቤት ኀላፊ ሦስት ነገሮችን አጥብቆ ይጠብቃል። የተረከበውን ወረቀት አይጥልም። ሁለት ጸሐፊዎች በአንድ ጊዜ አንዱን ፋይል ይዘው ሲጽፉ የአንዱ ሥራ የሌላውን እንዳያጠፋ ይቈጣጠራል። ተጠይቆም ሲመልስ «አለ» ያለው በእውነት አለ፤ «የለም» ያለውም በእውነት የለም። የአይ ቢ ኤም ኩባንያ ተመራማሪ የነበሩት ኤድጋር ኮድ መረጃን በሠንጠረዥ አደራጅቶ ስለ መያዝ ታላቁን ጽሑፋቸውን ያወጡት በ1970 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን በዚሁ ላስታውስ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ዳታቤዞች አብዛኞቹ የሠንጠረዡን መንገድ የተከተሉ ናቸው። ከእነርሱም መካከል ዛሬ በምሳሌነት የማነሣቸው ሦስቱን፣ ማይኤስኪዩኤልን፣ ኤስኪዩላይትንና ፖስትግሬስን ነው። የሦስቱም የፕሮግራም ጽሑፍ ለሁሉ ክፍት ስለ ሆነ፣ ምን እንደ ተጨመረና መቼ እንደ ተጨመረ ማንም ሰው አንብቦ ሊያውቅ ይችላል።

በክርክሩ በአንድ ወገን የቆሙት «ከነገሩ ጦም እደሩ» የሚሉ ናቸው። ምክንያታቸውም ቀላል አይደለም። አንድ አገልግሎት ከገባ በኋላ ተመልሶ ለመውጣት ይቸግራል፤ በላዩ ብዙ ፕሮግራሞች ይሠሩበታልና ነገ እናስተካክለው ቢባል የእነዚያን ሁሉ መሠረት መነቅነቅ ይሆናል። እንግዲህ ጐደሎው ሳይቀር ልማድ ሆኖ ይቀራል። ከዚህም በላይ የዳታቤዝ ስሕተት እንደ ሌላው ሶፍትዌር ስሕተት አይደለም። የጽሕፈት ፕሮግራም ቢደናቀፍ ዘግቶ መክፈት ይበቃል። መዝገብ ከተበላሸ ግን የስሕተቱ ዕድሜ ከፕሮግራሙ ዕድሜ ይረዝማል፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ በሌላ ማሽን ላይ፣ ነገሩን በማያውቅ በሌላ ሠራተኛ እጅ ይገኛል።

በሌላው ወገን የቆሙት ደግሞ ዕንቍላልም በእግሩ የሚሄደው ቀስ በቀስ ነው የሚሉ ናቸው። ሰው ችግሩ ዛሬ ነው ይላሉ። ያልተሟላውን ካልሰጠነው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በገዛ እጁ የባሰ ምትክ ይሠራል። ደግሞም አንድ ነገር ምን እንደሚጐድለው በሚገባ የሚታወቀው ሰዎች ሲሠሩበት ነው እንጂ ሠሪዎቹ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሲያስቡ አይደለም።

እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም ወገኖች አንዱን ቃል ለሁለት የተለያዩ ነገሮች ይጠቀሙበታል። ጐደሎ ከሚባሉት ጭማሪዎች አንዳንዶቹ በእውነት ጐደሎ ብቻ ናቸው፤ የሚችሉትን ይሠራሉ፣ የማይችሉትን «አልችልም» ይላሉ። ሌሎቹ ግን የማይሠሩትን ነገር «እሺ» ብለው የሚቀበሉ ናቸው። እነዚህኞቹን ጐደሎ ማለት ስማቸውን ማሳመር ነው፤ ሐሰተኞች ናቸው። ለጐደሎው በሩ ሰፋ ብሎ ቢከፈት አልቃወምም። ለሐሰተኛው ግን ጥቅሙ ምንም ያህል ቢሆን መከፈት የለበትም።

ለሐሰተኛው ዓይነት ከማይኤስኪዩኤል ታሪክ የበለጠ ምሳሌ አላገኘሁም። ይህ ዳታቤዝ በ1995 የወጣ ነው። በዳታቤዝ ቋንቋ የመዝገቡ ባለቤት «በዚህ ዓምድ የሚጻፈው ደመወዝ ከዜሮ በታች ሊሆን አይገባም» ብሎ ሕግ ሊያቆም ይችላል፤ ከዚያም በኋላ ጸሐፊው በስሕተት ከዜሮ በታች የሆነ ቍጥር ቢያስገባ ዳታቤዙ አልቀበልም ይላል ማለት ነው። ማይኤስኪዩኤል እንዲህ ያለው ሕግ ሲጻፍለት ያነበው ነበር። አጻጻፉንም ይመረምር ነበር። አጻጻፉ ትክክል ከሆነም ያለ አንዳች ተቃውሞ ይቀበለው ነበር። ከተቀበለ በኋላ ግን ይጥለው ነበር። የመዝገቡ ባለቤት ሕግ ያቆመ መስሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሕጉ ግን የለም። ከዜሮ በታች የሆነው ደመወዝ ሲመጣም ሰተት ብሎ ይገባል። ይህ አሠራር የተለወጠው 8.0.16 የተባለው ዕትም በ2019 ሲወጣ ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር ያደረጉት ሰዎች ተንኰል አስበው አልነበረም። ከሌላ ዳታቤዝ የመጣ ጽሑፍ ሳይደናቀፍ እንዲያልፍ ማድረግ እንደ ጥቅም ይቈጠር ነበር፤ በእርግጥም ጥቅም አለው። ነገር ግን የሚያስከትለውን ተመልከቱ። አንድ የሒሳብ ሹም ሕጉ መኖሩን በሰነድ አይቶ፣ በሕጉም ተማምኖ፣ በሌላ መንገድ መቈጣጠሩን ይተዋል። ሕጉ ባይኖርና አለመኖሩ ቢታወቅ ኖሮ ሹሙ በዐይኑ ይቈጣጠር ነበር። ስለዚህ የሐሰተኛው ሕግ ጕዳት ካለመኖሩ ጕዳት ይበልጣል፤ ጠባቂ ያለ አስመስሎ ሌላውን ጠባቂ ያሰናብታልና።

ከዚሁ ጋር የሚመሳሰል ሌላም ልማድ ነበረው። አንድ ዓምድ እስከ 127 ያለውን ቍጥር ብቻ እንዲይዝ ተደርጎ ሳለ ጸሐፊው 300 ብሎ ቢያስገባ፣ ዳታቤዙ 127 ብሎ ይመዘግብና ሥራው ተፈጽሟል ይላል። ማስጠንቀቂያ አይሰጥም ነበር ማለት አይደለም፤ ይሰጣል፣ ነገር ግን ማስጠንቀቂያውን ፈልጎ ለሚያነብ ብቻ ነው፣ ፈልጎ የሚያነብ ፕሮግራም ደግሞ ጥቂት ነው። ጥብቅ የሆነው አሠራር ያለ ተጨማሪ ትእዛዝ በራሱ የሚሠራ እንዲሆን የተደረገው በ2015 በወጣው በ5.7 ዕትም ነው።

ፍርድ እንዳይጓደል ግን ሌላውንም ወገን እንስማ። ማይኤስኪዩኤል ፈጣንና ለመትከል ቀላል ስለ ነበረ በዓለም ላይ እጅግ ተስፋፋ፤ ዊኪፔዲያና ፌስቡክ የተሠሩት በእርሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትራንዛክሽን የሚባለው፣ ማለት ብዙ ጽሑፎችን አንድ ላይ «ሁሉም ይጻፉ ወይም አንዱም አይጻፍ» ብሎ የማሠር ችሎታ አልነበረውም። ይህ ታላቅ ጐደሎ ነው። ሆኖም በሰነዱ ላይ በግልጽ ተጽፎ የሚታወቅ ነበር፤ ለድረ ገጽ ጽሑፍ ማስቀመጫ የሚፈልገው ሰው «ይህ ለኔ አያሻኝም» ብሎ ዐውቆ ወሰደው፣ ለባንክ ሥራ የሚፈልገውም ዐውቆ ተወው። በዚህ ረገድ ያደረገው ምርጫ ነው፤ አልነቅፈውም። የሚያስነቅፈው ዝም ብሎ ሕጉን የመጣሉ ጠባይ ነው።

በየእጅ ስልካችን ውስጥ የሚገኘው ኤስኪዩላይትም ከዚህ ነገር ንጹሕ አይደለም። የአንዱ ሠንጠረዥ ጽሑፍ በሌላው ሠንጠረዥ የተጠቀሰውን እንዲጠብቅ የሚያደርገውን የማጣቀሻ ሕግ ሲጽፉለት ይቀበል ነበር፤ በሥራ ላይ ማዋል የጀመረው ግን ከጥቅምት 2009 ወዲህ ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ባለቤቱ በግልጽ ካላዘዘ ሕጉ አይሠራም፤ ምክንያቱም ቀድሞ ሕጉ እንደማይጠበቅ ሆነው የተጻፉት ፕሮግራሞች በድንገት እንዳይወድቁ ነው። እንግዲህ «አንድ ጊዜ ከገባ አይወጣም» የሚሉት ጥንቁቆች እዚህ ላይ እውነት አላቸው።

አሁን ወደ ጥንቁቆቹ ሰፈር እንሻገር። ፖስትግሬስ በአሜሪካ አገር በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ማይክል ስቶንብሬከር መሪነት በ1986 ከተጀመረው ሥራ የተወለደ ሲሆን፣ ያልተፈተነ ነገር ባለማስገባት የታወቀ ነው። ጥንቃቄውም አስመስግኖታል። ነገር ግን ጥንቃቄ ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ሁልጊዜ ጠንቃቃው ራሱ አይደለም።

መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ግልባጭ ያውቃሉ። ዳታቤዝም ግልባጭ ያስፈልገዋል፤ ዋናው ማሽን ቢቃጠል ሥራው በሌላው ማሽን እንዲቀጥል፣ መዝገቡ ወዲያው ወዲያው ወደ ሁለተኛ ማሽን መገልበጥ አለበት። የፖስትግሬስ መሪዎች ለብዙ ዘመን ለሁሉ የሚስማማ አንድ የግልባጭ አሠራር ስለሌለ ጉዳዩ ለውጪ ፕሮግራሞች ይተው ይሉ ነበር። አሳባቸው በመሠረቱ ትክክል ነው፤ ለሁሉ የሚስማማ አንድ አሠራር በእርግጥ የለም። ሆኖም የውጪዎቹ ፕሮግራሞች ለመትከል አስቸጋሪ ሆነው ስለ ተገኙና ብዙ ተጠቃሚ በዚሁ ምክንያት ፊቱን ወደ ሌላ ዳታቤዝ ያዞር ስለ ነበረ፣ በ2008 መሪዎቹ ሐሳባቸውን ለውጠው ቀላል የሆነ ግልባጭ በዋናው ሶፍትዌር ውስጥ እንዲገባ መወሰናቸውን አስታወቁ። በመስከረም 2010 በ9.0 ዕትም ወጣ። የወጣውም ጐደሎ ሆኖ ነው፤ ሁለተኛው ማሽን ከዋናው በጥቂት ጊዜ ወደ ኋላ ሊቀር ስለሚችል፣ ዋናው በድንገት ቢጠፋ የመጨረሻዎቹ ጽሑፎች አብረው ሊጠፉ ይችሉ ነበር። ይህ ግን አልተሸሸገም። ግልባጩ መድረሱ እስኪረጋገጥ ድረስ «ተጽፏል» የማይለው ጥብቁ አሠራር በሚቀጥለው ዓመት በ9.1 ዕትም ተጨመረ። ጐደሎው ባይቀድም ኖሮ ሙሉው በአንድ ዓመት ውስጥ ይመጣ ነበር ብዬ አላምንም።

ሌላው ምሳሌ ከዚህ የበለጠ ያስተምራል። መዝገብ ቤት ውስጥ «ሰውዬው በመዝገቡ ካለ አድራሻውን አስተካክል፤ ከሌለ አዲስ ገጽ ክፈትለት» የሚል ትእዛዝ የዘወትር ትእዛዝ ነው። ለአንድ ጸሐፊ ቀላል ነው። ሁለት ጸሐፊዎች ስለ አንድ ሰው በአንዲት ደቂቃ ሲታዘዙ ግን፣ ሁለቱም መዝገቡን ያያሉ፤ ሁለቱም አለመኖሩን ያረጋግጣሉ፤ ሁለቱም አዲስ ገጽ ይከፍታሉ። ማይኤስኪዩኤል ለዚህ ትእዛዝ የሚሆን አጭር ቃል ነበረው። የፖስትግሬስ ሰዎች ግን ብዙ ጸሐፊዎች በአንድ ጊዜ ሲጽፉ በማናቸውም ሁኔታ እንዳይሳሳት ካልሆነ አናስገባም በማለታቸው፣ አገልግሎቱ የወጣው በጥር 2016 በ9.5 ዕትም ነው፤ ከማይኤስኪዩኤል ከዐሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ መሆኑ ነው። የወጣው ሥራ ያማረ ነው። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ግን ተጠቃሚው ምን ያደርግ ነበር? በገዛ እጁ ይጽፈው ነበር። በገዛ እጃቸው ከጻፉትም ብዙዎቹ ሁለቱን ጸሐፊዎች ጨርሶ አላሰቡም።

እዚህ ላይ ጥንቁቆቹን የምነቅፍበት አንድ ነገር አለኝ። እነርሱ የሚቈጥሩት በራሳቸው ሶፍትዌር ውስጥ የሚፈጠረውን ስሕተት ብቻ ነው። ከደጅ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው በመጠበቁ የሚፈጥረው ስሕተት በእነርሱ መዝገብ አይጻፍም፤ ስለዚህ እጃቸው ንጹሕ መስሎ ይታያቸዋል። አንድ ሹም ማመልከቻ ሳይፈርም ቢያቈይ ሳይፈርም በመቅረቱ የሚደርሰው ጕዳት በስሙ አለመመዝገቡን ለምታውቁት ለእናንተ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ጐደሎ ጭማሪ እንዴት መግባት እንዳለበት ለሚጠይቀኝ ሰው የማሳየው የፖስትግሬስን የሠንጠረዥ ክፍፍል ነው። አንድ ሠንጠረዥ እጅግ ሲገዝፍ፣ ለምሳሌ የሃያ ዓመት ደረሰኝ በአንድ ሲከማች፣ በየዓመቱ ከፋፍሎ ማስቀመጥ ይበጃል፤ ልክ መዝገብ ቤት ውስጥ የየዓመቱን ፋይል በየመደርደሪያው እንደምናኖረው። ቀድሞ ይህን ለማድረግ ባለሙያው ብዙ ነገር በእጁ መቀጣጠል ነበረበት። በ2017 በ10ኛው ዕትም ዳታቤዙ ራሱ የሚያውቀው ክፍፍል ገባ። የጐደለው ግን ብዙ ነበር። በጠቅላላው ሠንጠረዥ ላይ «አንድ ቍጥር ሁለት ጊዜ አይገኝ» የሚለውን ዋና ሕግ ማቆም አይቻልም። የአንድ ደረሰኝ ዓመት ተስተካክሎ ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው መዛወር ቢያስፈልገው አይዛወርም። ሌላ ሠንጠረዥም በማጣቀሻ ሕግ ወደ እርሱ ሊያመለክት አይችልም።

ይህን ሁሉ ጐደሎ ይዞ የገባው ነገር ስለምን አልጐዳም? ሕጉን ለማቆም የሞከረ ሰው እንደ ማይኤስኪዩኤል «እሺ» አልተባለምና ነው። ይህ አይቻልም ተባለ፤ ሥራውም እዚያው ላይ ቆመ። ሠራተኛው የቱ ላይ መጠንቀቅ እንዳለበት በዚያው ሰዓት ዐወቀ። በ2018 በ11ኛው ዕትም ዋናው ሕግና መዛወሩ ተጨመሩ፤ በ2019 በ12ኛው የማጣቀሻው ነገር ተከተለ። ትናንት «አይቻልም» ይል የነበረው ዛሬ «ይቻላል» ቢል በቀድሞው አሠራር ላይ የተደገፈ አንድም ፕሮግራም አይወድቅም። ትናንት «እሺ» እያለ ሕጉን ሲጥል የነበረው ዛሬ በእውነት እጠብቃለሁ ቢል ግን ከእርሱ ጋር የኖረው ሁሉ ይናጋል፤ ኤስኪዩላይት እስከ ዛሬ የተቸገረው በዚህ ነው።

በሁለቱ መካከል የሚዋልሉም አሉ። ፖስትግሬስ ሃሽ የሚባል የማውጫ ዓይነት ነበረው። ዳታቤዙ የሚያደርገውን ለውጥ ሁሉ አስቀድሞ በዕለት መዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ ማሽኑ በድንገት ቢጠፋ ከዕለት መዝገቡ አንብቦ ሥራውን ያቃናል። የሃሽ ማውጫ ለውጥ ግን በዕለት መዝገብ አይሰፍርም ነበር። ስለዚህ መብራት ከጠፋ በኋላ ማውጫው እንደ ገና መሠራት ሊያስፈልገው ይችላል፤ በግልባጩ ማሽን ላይ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነገር ነበር፣ ማውጫው የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። ነገሩ በመመሪያው መጽሐፍ ላይ ተጽፏል፤ ማንም አልዋሸም። ነገር ግን በመጽሐፍ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ በጕድጓዱ አፍ ላይ እንደ ተተከለ ምልክት አይቈጠርም፤ ማውጫውን የሠራው ባለሙያ መጽሐፉን አንብቦት ቢሆን እንኳ በግልባጩ ማሽን ፊት ተቀምጦ «የለም» የሚል መልስ የሚቀበለው ሠራተኛ መጽሐፉ መኖሩንም አያውቅም። ይህ ጕድለት የተወገደው በ2017 በ10ኛው ዕትም ነው። እስከዚያ ድረስ ማውጫውን ማውጣት ይሻል ነበር ብዬ እፈርዳለሁ፤ በመመሪያው ላይ የነበረው ማስጠንቀቂያም ስለዚህ ማውጫ ከእኔ ፍርድ እምብዛም የራቀ አልነበረም።

ስለ መውጣት ከተነሣ አንድ ነገር በአጭሩ ልጨምር። ሁለት ሠንጠረዦችን በአንድ ትእዛዝ የሚያዋሕደው መርጅ የሚባለው ትእዛዝ በሚያዝያ 2018 ፖስትግሬስ ውስጥ ከገባ በኋላ፣ ስለ አሠራሩ ብርቱ ተቃውሞ ስለ ተነሣበት በዚያው ወር ተመልሶ ወጣ፤ ለሕዝብ ከመውጣቱ አስቀድሞ ስለ ነበረ ማንም አልተጐዳም። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይቻላል፤ መልቀሙ ግን ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ተስተካክሎ የወጣው በ2022 በ15ኛው ዕትም ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ፊደል ልምጣ፤ ክርክሩ ለእኛ ከሁሉ ይልቅ የሚሰማን እዚህ ላይ ነውና።

ኃይሉ የሚባል ሰው ስሙን በ«ኃ» ይጽፋል። ልጁን ያስመዘገበው ጸሐፊ በ«ሃ» ጽፎታል፤ የጡረታው ጸሐፊ ደግሞ በ«ሐ» ጽፎታል። ዓለሙና አለሙ፣ ሥዩምና ስዩም፣ ፀሐይና ጸሐይም እንዲሁ ናቸው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ በ1999 ሲገባ ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቍጥር ተሰጥቶታል፤ መደረግ የነበረበትም ይኸው ነው። ነገር ግን በዚህ ምክንያት ለማሽኑ «ኃ» እና «ሃ» እንደ «በ» እና «መ» ፍጹም የተለያዩ ናቸው። ባለጉዳዩ መጥቶ ስሙን ይናገራል፤ ሠራተኛው በለመደው ፊደል ይጽፋል፤ ማሽኑም «የለም» ይላል። ሰውዬው ሠላሳ ዓመት የከፈለው መዋጮ በመዝገቡ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ «የለም» ተብሎ ይመለሳል።

ይህን ለማቃለል አንድ ድምፅ ያላቸውን ፊደሎች በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ የሚቈጥር አገልግሎት ይሠራ ቢባል፣ ሊቃውንቱ ወዲያው ይቃወማሉ፤ የሚቃወሙትም ያለ ምክንያት አይደለም። ሠረቀ ማለት ወጣ ማለት ነው፣ እንደ ፀሐይ መውጣት፤ ሰረቀ ግን የሌባ ሥራ ነው። ሠዐለ ሥዕል አበጀ፤ ሰአለ ለመነ። ፊደሉን አንድ ያደረገ ማሽን ትርጕሙን አንድ አደረገ። ስለዚህ አገልግሎቱ ጐደሎ ነው፤ ወደ ፊትም ጐደሎ ሆኖ ይኖራል፤ በፕሮግራም ሊሞላ የሚችል ጐደሎ አይደለምና።

ነገር ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄውን ራሱን መመርመር አለብን። ፍጹም እስኪሆን አይግባ ብንል የቀድሞው አሠራር ይቀጥላል፤ የቀድሞው አሠራር ደግሞ ባዶ አይደለም፣ ላለ ሰው «የለም» እያለ በየቀኑ ሐሰተኛ መልስ የሚሰጥ ነው። ከሚገባው በላይ ስም የሚያወጣ ፍለጋ የሠራተኛውን ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ ያለውን ስም የሚሸሽግ ፍለጋ የሰውን ጡረታ ይወስዳል። እኔ ያለማመንታት የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ነገር ግን ቦታው የት እንደ ሆነ ተለይቶ ይታወቅ። ለመፈለጊያ እንጂ ለመመዝገቢያ አይሁን። ፊደሎቹን አንድ የሚያደርገው ደንብ በምዝገባው ሕግ ውስጥ ገብቶ፣ ለምሳሌ ስመ ጥርን ከነአባት ስም «ሁለት ጊዜ አይገኝ» ተብሎ ቢታዘዝ፣ አለሙ የተባለው ሰው ዓለሙ የተባለ ሌላ ሰው ቀድሞታልና አይመዘገብም፤ ያን ጊዜ ጐደሎው ወደ ሐሰተኛነት ይለወጣል።

መሣሪያው ዛሬ አለ። ፖስትግሬስ በ2019 በ12ኛው ዕትም፣ በጽሕፈት የተለያዩ ቃላትን እንደ አንድ ቃል ለመቍጠር የሚያስችል የአደራደር ደንብ አስገባ፤ በ2023 በ16ኛው ዕትም ደግሞ ተጠቃሚው ደንቡን ራሱ በፊደል ዝርዝር እንዲጽፍ ፈቀደ። ይህም ቢሆን ጐደሎ ሆኖ ነው የገባው። የስሙን ከፊል ብቻ ይዞ ለሚፈልግ ሰው፣ ለምሳሌ በ«ኃይለ» የሚጀምሩትን ሁሉ አውጣ ለሚል፣ በአንድ ትእዛዝ በኩል «ከዚህ ደንብ ጋር ይህ አይቻልም» የሚል መልስ ይሰጥ ነበር። ጥያቄውን እየመለሰ ግማሹን ስም ደብቆ ማቅረብ ይችል ነበር፤ እንዲህ አላደረገም፤ አልችልም አለ። በዚህ አኳኋን ስድስት ዓመት ቈይቶ በ2025 በ18ኛው ዕትም ተፈቀደ።

የቀረው የፊደል ዝርዝሩ ነው። ሀን፣ ሐንና ኀን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን በየሰባቱ ድምፅ እየለዩ ማስፈር፤ «ሀ» እና «ሃ»፣ «አ» እና «ኣ» በአማርኛ አንባቢ አፍ አንድ ሆነው በትግርኛ የሚለያዩ ስለ ሆነ በየቋንቋው የተለየ ዝርዝር ማውጣት፤ «ኰ»ን እና «ኮ»ን፣ «ጐ»ን እና «ጎ»ን አንድ እናድርጋቸው ወይስ አናድርጋቸው ብሎ መቍረጥ ያስፈልጋል። ይህን የሚሠራው በሩቅ አገር ያለ ፕሮግራመር ሊሆን አይችልም፤ የመዝገብ ቤቱን ሰው፣ የቋንቋውን ሊቅና የኮምፒዩተሩን ባለሙያ በአንድ ጠረጴዛ ማስቀመጥ ይጠይቃል። ሲሠራም ሠራተኛው ስም ጽፎ በፈለገ ጊዜ የተመሳሰሉትን ሁሉ፣ እያንዳንዱን ባለቤቱ በጻፈበት ፊደል፣ ከአያት ስምና ከልደት ዘመን ጋር ደርድሮ ያሳየው፤ ከእነዚህ ማንኛው በፊቱ የቆመው ባለጉዳይ እንደ ሆነ የሚወስነው ሠራተኛው ይሁን።